ኦፕ-ቲንና ሊነክስን አንድ ቦርድ ላይ ሳስነሳ ያየሁት ፍዳ

በአርም ቦርድ ላይ ኦፕ-ቲን፣ ማለትም ምስጢር የሚጠብቀውን ትንሽ ኦፕሬቲንግ ሲስተም፣ ከሊነክስ ጋር አብራችሁ ልታስነሱ ከሆነ ይህን አንብባችሁ ጀምሩ። ለእኔ ማንም አልነገረኝም።

ሥራው የክፍያ ማሽን ነበር። ምስጢራዊ ቁልፎቹን ኦፕ-ቲ ይይዛል፤ የቀረውን ሊነክስ ይሠራል። ከሜሞሪው 32 ሜጋባይት ለኦፕ-ቲ ተከለለ። ሃርድዌሩ ያንን ክልል ለሊነክስ ይዘጋዋል። ሊነክስ ግን መዘጋቱን የሚያውቀው ዲቫይስ ትሪው (ቦርዱ ላይ ምን እንዳለ ለሊነክስ የሚነግረው ፋይል) ከነገረው ብቻ ነው።

ፈርምዌሩን ኮምፓይል ማድረግና ኤስዲ ካርድ ላይ መጫን ቀላል ነው። ቦርዱም ተነሳ። ሥራ ሲበዛበት ግን ድንገት ድርቅ! አንዴ ፋይል ሲገለበጥ፣ አንዴ አፕዴት ሲወርድ «ኤስ-ኤረር» (ሃርድዌሩ የሚያስነሳው ከባድ ስህተት) ብሎ ይሞታል። የቦርዱን አምራች ጠየቅን። «ሜሞሪው ተበላሽቶ ይሆናል፣ ቦርድ ቀይሩ» አሉን። ቀየርን፤ ያው። «እንግዲያው ፓወር ሰፕላዩን እዩት።» አየን፤ ደህና ነው።

ጉዱ የተገኘው ቡት ሎጉ (ቦርዱ ሲነሳ የሚጽፈው መዝገብ) መጀመሪያ አካባቢ፣ ማንም በማያነበው ቦታ ነው። ከርነሉ (የሊነክስ እምብርት) የሪዘርቭድ-ሜሞሪ ኖዱ (ዲቫይስ ትሪው ውስጥ የተከለለ ሜሞሪ የሚጻፍበት ክፍል) አጻጻፍ አይሆንም፣ ትቼዋለሁ ብሎ በአንድ መስመር አልፏል። አምራቹ በሰጠን ናሙና ፋይል ውስጥ «ራንጅስ» የምትባለው መስመር የለችማ! ቁጥር የላት፣ ምን የላት፤ ስሟና ሴሚኮለን ብቻ። እሷ ከጎደለች ከርነሉ ኖዱን እንዳለ ይጥለዋል። ውስጡ «ኖ-ማፕ» (ይህን ሜሞሪ አትንካ) ብላችሁ ብትጽፉም አይሰማም። ሊነክስ የተከለለውን ሜሞሪ የራሱ አድርጎ ይቆጥረዋል፤ የነካው ቀን ሃርድዌሩ ይመታዋል። የዲቫይስ ትሪ ኮምፓይለሩ ዲቲሲ ፋይሉን ኮምፓይል ሲያደርገው ትንፍሽ አላለም። እርማቱን ለአምራቹ ላክን። «ለሚመለከተው ክፍል አስተላልፈናል» አሉ። ናሙናው ዛሬም እንዳለ ነው።

መመሪያቸው ክልሉን የከርነሉ ዲቫይስ ትሪ ፋይል ላይ በእጃችሁ ጻፉ ይላል። አትስሙ። ኦፕ-ቲ ራሱ ኖዱን ይጨምር፣ ዩ-ቡት (ሊነክስን የሚያስነሳው ፕሮግራም) ለከርነሉ ያቀብል። አለዚያ የኦፕ-ቲ መጠን በተቀየረ ቁጥር ሁለት ቦታ ቁጥር ስታሳድዱ ትኖራላችሁ፤ አንዱን የረሳችሁ ዕለት ደግሞ ያው ኤስ-ኤረር ነው። «ዲቫይስ ትሪ ሃርድዌርን ብቻ ይገልጻል» የሚሉም አሉ። ማን የትኛውን ሜሞሪ ይውሰድ የሚለው የእኛ ውሳኔ እንጂ የሃርድዌር ጠባይ አይደለም፤ የሚጻፈው ግን እዚያው ነው።

ቦርዱ ሲነሳ ፕሮክ ፎልደር ውስጥ ያለውን «አዮሜም» ፋይል (የሜሞሪ ድልድሉን ዝርዝር) ክፈቱ። የኦፕ-ቲ ክልል «ሲስተም ራም» ውስጥ ተጠቃሎ ከታየ ኖ-ማፑ አልሠራም ማለት ነው። ሩት (የሲስተሙ አስተዳዳሪ) ሆናችሁ ክፈቱት፤ ካልሆነ አድራሻው ሁሉ ዜሮ ሆኖ ነው የሚታየው።