ያቺ መኪና የእኔ አይደለችም

ባለፈው ነሐሴ አሜሪካ፣ ሚሺጋን ላይ አንዲት የጥንት መኪና ተደግፌ የተነሣሁትን ፎቶ የሰፈሬ ልጆች ካዩት ወዲህ ስልኬ ከጥያቄ አላረፈም። አንዱ «ስንት ገዛሃት?» ሲለኝ ሌላው «ለእኛስ መቼ ነው የምትልክልን?» ይለኛል። የአክስቴ ልጅ ደግሞ ሥራውን ለቅቆ በተገኘው መንገድ ሁሉ ለመውጣት ማሰቡን የነገረኝ ይህንኑ ፎቶ ጠቅሶ ነው። ስለዚህ በዚያን ዕለት የሆነውን ሳልደብቅ መጻፍ ግዴታዬ ሆኖ ተሰማኝ።

አራት ጓደኛሞች ሆነን ከሜሪላንድ ወደ ዲትሮይት፣ በፔንሲልቬንያ ተራሮችና በኦሃዮ ሜዳ በኩል፣ ከ800 ኪሎ ሜትር በላይ በአንድ ያረጀ ኮሮላ ሌሊቱን ሙሉ ተጓዝን። የሄድነው በየዓመቱ በፈረንጆቹ ኦገስት ሦስተኛ ቅዳሜ በዉድዋርድ ጎዳና ላይ የሚደረገውን የጥንት መኪኖች ሽርሽር ለማየት ነበር። ዕለቱ ምንጊዜም ፍልሰታ ውስጥ ስለሚውል ሁለቱ ጓደኞቼ ጾመኞች ነበሩ፤ በመንገዱ ዳርና ዳር ሥጋ ሲጠበስ እነርሱ ከቤት የያዙትን የድርቆሽ ፍርፍር በሉ።

ዉድዋርድ ተራ መንገድ አይደለም። ፎርድ እ.ኤ.አ. በ1913 ተንቀሳቃሹን የመኪና መገጣጠሚያ መስመር የጀመረው በዚሁ ጎዳና ላይ በምትገኘው በሃይላንድ ፓርክ ሲሆን፣ በዓመቱ የቀን ደመወዝ 5 ዶላር እንደሚከፍል ሲያስታውቅ ሥራ ፈላጊው ከየአቅጣጫው ጎርፏል፤ በዚያ መስመር ላይ ብሎን ሲያጠብቁ ከዋሉት ብዙዎቹ እንደ እኛው ስደተኞች ነበሩ። ሽርሽሩ ግን የቅርብ ጊዜ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1995 ፈርንዴል በምትባለው ከተማ ለልጆች የእግር ኳስ ሜዳ ገንዘብ ለማሰባሰብ የተጀመረው ዝግጅት ዛሬ እስከ ፖንቲያክ ድረስ 26 ኪሎ ሜትር ያህል ይዘልቃል። ጎዳናው ላይ ሞተሩ ሲያጓራና ጭስ ማውጫው ሲተኩስ የቡሄ ጅራፍ በጆሮዬ መጣ፤ ቀኑም የቡሄ ሰሞን ነበርና አገሬ በጣም ናፈቀችኝ።

እንዲህ ሆኜ ሳለሁ ነው የ1957 ሼቭሮሌት ቤል ኤር ያየሁት። ቀለሙ የጠራ ሰማያዊ፣ ፓራውልቱ ፊትን እንደ መስታወት የሚያሳይ ነው። ጓደኛዬ ስልኩን ሲደግንልኝ እጄን ኮፈኑ ላይ አሳርፌ ዘንበል አልኩ። ባለመኪናው አዛውንት ከታጣፊ ወንበራቸው ብድግ ብለው፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ «እጅህን አንሣ!» ብለው ጮኹ። ከዚያ ከኪሳቸው ነጭ ጨርቅ አውጥተው የአምስት ጣቶቼን አሻራ አንድ በአንድ፣ ዓይናቸውን ከእኔ ሳይነቅሉ ጠረጉ። ትንሽ ልጅ ያቀፈች ሴት ወደ ኋላ ፈቀቅ ስትል አየሁ። እንደ ቆሻሻ ነገር የተቆጠርኩ መሰለኝ፤ እስከ ዛሬም ያቺ ጨርቅ ከዓይኔ አልጠፋችም።

እውነቱን ለመናገር እኚያ ሰው ቁጣቸው ከልክ ያለፈ ቢሆንም ስለ መኪናቸው አልተሳሳቱም። እዚህ አገር ሰው ለብረት የሚሰጠውን ክብር አንዳንድ ጊዜ ለእንግዳ ይነፍጋል፤ እኛ ደግሞ የሰው ንብረት ላይ ተደግፈን መነሣትን እንደ ነውር አንቆጥረውም። እኔን ይበልጥ ያሳፈረኝ ግን ይህን ቤቴ ተምሬው ማደጌ ነው። አባቴ ፒያሳ ላይ ሴቼንቶ በምትባለው ትንሽ ፊያት ታክሲ ሲሠራ ማለዳ ማለዳ ላሜራውን በለስላሳ ጨርቅ ይወለውል ነበር፤ እኛ ልጆቹ ፓራፋንጎው ላይ ከተደገፍን ደግሞ ቁጣው አይጣል ነው። ያቺኑ ሴቼንቶ ጓደኞቼ እንዳያዩብኝ ከትምህርት ቤት ደጃፍ ራቅ ብሎ እንዲያወርደኝ እለምነው ነበር።

ለመውጣት የምታስቡ ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ መኪና ተደግፎ የተነሣ ሰው ስታዩ ባለቤቱ ማን እንደሆነ ሳታጣሩ ቤታችሁን አትሽጡ። ከመጣችሁም በኋላ ለአገር ቤት ሰው ፎቶ ለመላክ ብላችሁ በመጀመሪያው ዓመት በብድር አዲስ መኪና እንዳትገዙ አደራ እላለሁ። የብድር ታሪክ የሌለው ሰው የሚጠየቀው ወለድ ከባድ ነው፤ ኢንሹራንሱ ሲጨመርበት የቤት ኪራይ የሚያህል ገንዘብ በየወሩ ይወስዳል። ክፍያ ሲያጓድል መኪናው ሌሊት ከደጁ ተጎትቶ የተወሰደበት ሰው አውቃለሁ፤ ቤተሰቦቹ ግን ፎቶውን እስከ ዛሬ ሳሎን ሰቅለውታል።

ለአክስቴ ልጅ ይህን ሁሉ በስልክ ነገርኩት። አባቴም አጠገቡ ነበረና ስልኩን ተቀብሎ ስለ ጩኸቱም ስለ ጨርቁም አንድ ቃል ሳይናገር፣ «የዚያች ሼቭሮሌት ላሜራዋ የፋብሪካው ነው ወይስ ባቲላሜራ በስቱኮ ሞልቶታል?» ሲል ጠየቀኝ። ፎቶ ለመነሣት ስቸኩል ልብ ብዬ አላየሁትምና የምመልስለት አጣሁ።