ከጣርማ በር በላይና በታች፦ በሃይብሪድ መኪና ቤንዚን የመቆጠብ ማስታወሻ

አዲስ ሃይብሪድ (በቤንዚን ሞተርና በባትሪ ተጋግዞ የሚሄድ መኪና) ይዞ ከደብረ ብርሃን ወደ ሸዋ ሮቢት የወረደ ሰው ዳሽቦርዱ ላይ በሚያየው ቁጥር ይደሰታል፤ ሲመለስ ግን መኪናው የተበላሸ ይመስለዋል። ሁለቱም ቁጥሮች የመኪናው ሳይሆኑ የቁልቁለቱና የዳገቱ ናቸው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል 2,800 ሜትር አካባቢ ላይ ናት፣ በመሐል የሚታለፈው የጣርማ በር ዋሻ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፣ ሸዋ ሮቢት ደግሞ 1,300 ሜትር ገደማ። በዚህ መንገድ የሚታመነው የደርሶ መልስ ሒሳብ ብቻ ነው።

አለካኩ እንዲህ ነው። መቅጃው ለመጀመሪያ ጊዜ በራሱ ሲቆም በቃ በሉ፤ “ትንሽ ጨምርበት” ማለት ሒሳቡን ያበላሻል። ኪሎ ሜትሩን ዜሮ አድርጉ፣ ደርሳችሁ ተመለሱ፣ እዚያው ማደያ በዚያው መቅጃ ሙሉ፣ ከዚያ ኪሎ ሜትሩን ለሊትሩ አካፍሉ። 500 ኪ.ሜ ተሂዶ 25 ሊትር ከገባ በሊትር 20 ነው። ዳሽቦርዱ ብዙ ጊዜ ከዚህ አብልጦ ያሳያል። ለመጀመሪያዎቹ ሦስት ሙሌቶች ምንም ሳትቀይሩ መዝግቡ፣ ከዚያ በኋላ በአንድ ሙሌት አንድ ነገር ብቻ ቀይሩ። ጎማውንም አነዳዱንም አንድ ላይ የለወጠ ሰው የትኛው እንደጠቀመው አያውቅም። ከፋብሪካ የወጣ መኪና ደግሞ የመጀመሪያው 1,000 ኪ.ሜ እስኪያልፍ በኃይል ባይጫን ይሻላል፤ ሞተሩም ጎማውም ገና ስላልተላመዱ የዚያን ጊዜ ቁጥር ለፍርድ አይበቃም።

አሁን ብዙ ሰው ወደሚከራከርበት እንምጣ፦ ቁልቁለቱ ባትሪ ይሞላል፣ ታዲያ ለምን ነጻ አይሆንም? 1,400 ኪሎ የሚመዝን መኪና ከዋሻው እስከ ሸዋ ሮቢት 1,700 ሜትር ያህል ሲወርድ የሚለቀው ጉልበት 6.5 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ነው። የቀደሙት የቶዮታ ፕሪየስ ሞዴሎች ባትሪ 1.3 ኪሎ ዋት ሰዓት ይይዛል፤ ኮምፒውተሩም ባትሪውን ለመጠበቅ ከ40 እስከ 80 በመቶ ባለው መሐል ብቻ ስለሚያሠራው የሚጠቅመን 0.5 ያህል ነው። ይህ ገና ደብረ ሲና ሳይደረስ ጢም ይላል። የቀረው ጉልበት በነፋስ፣ በጎማና በፍሬን ሙቀት ያልቃል። 0.5 ኪሎ ዋት ሰዓት በቤንዚን ሲመነዘር 0.15 ሊትር አካባቢ ነው፤ እሱን ፍለጋ በጉም ውስጥ ጥምዝምዙን እየተጋፉ መውረድ ዋጋ የለውም።

ስለዚህ ሲወርዱ ባትሪው ቦታ እስካለው ድረስ ማርሹ ዲ (የወትሮው መንጃ) ላይ ሆኖ ፍሬኑን በስሱና ቀደም ብሎ መርገጥ ነው፤ የዳሽቦርዱ መርፌ ከቻርጅ (ባትሪ መሙያ) መስመሩ ካላለፈ የሚሠራው በአብዛኛው ሞተር ጀነሬተሩ፣ ማለትም መኪናውን እየያዘ ባትሪ የሚሞላው የኤሌክትሪክ ሞተር ነው። ባትሪው ሲሞላ ወደ ቢ (በሞተር መያዣው ማርሽ) አዙሩ፤ ቤንዚን ሞተሩ ይጮኻል፣ ቤንዚን ግን አያቃጥልም፣ በትንፋሹ መኪናውን ይይዛል፣ የፍሬን ሸራውም አይግልም። በጣም ገደላማ ቦታ ላይ ወይም በጉም ጊዜ ከመነሻው ቢ ይሁን። ኤን (ፎሌ) አድርጎ መንሸራተት ግን የድሮ መኪና ልማድ ነው፤ በኤን ባትሪው አይሞላም፣ የሞተሩ መያዝም ይጠፋል።

መልሱ ሲወጣ ለከፍታው ብቻ 2 ሊትር ያህል ይበላል፤ የትኛውም አነዳድ ይህን አይቀንሰውም። የሚቀነሰው ከዚያ በላይ ያለው ነው። ፍጥነቱ 10 ኪ.ሜ ያህል ቢወርድ ተዉት። ከተጫነ አይሱዙ ኋላ ተጠግቶ መቆምና መነሳት ብዙ ያስወጣል፤ ርቀት ትታችሁ በእኩል እርጋታ ተከተሉ። ዳገት ላይ በባትሪ ብቻ ልሂድ ማለትም አያዋጣም፤ የወጣውን ቤንዚኑ ቆይቶ ይከፍለዋል። ደጋው ላይ ከሸኖ እስከ ጫጫ ባለው ሜዳ ፍጥነትን ከ100 ወደ 80 ማውረድ የነፋሱን ግፊት ከሲሶ በላይ ይቀንሳል፤ ከፖርቶ መጋላ ጋር የሚሄድ ሰው ደግሞ ባዶውን ቢፈታው ይጠቀማል።

ጎማ ላይ ሰው ይሳሳታል። በሸዋ ሮቢት ቀትር በ33 ፒኤስአይ (የጎማ አየር ግፊት መለኪያ) የተሞላ ጎማ ደብረ ብርሃን ውርጭ ላይ ሲነጋ 31 ገደማ ይሆናል፤ ከፍታው ወደ 2 ቢጨምርለትም ቅዝቃዜው 4 ይወስድበታል። ስለዚህ መለኪያችሁን ይዛችሁ ጠዋት ሳትነዱ፣ አብዛኛውን ቀን በምታድሩበት ከተማ ለኩ። የሹፌሩ በር ምሰሶ ላይ ከተለጠፈው ቁጥር እስከ 2 ፒኤስአይ መጨመር ይበቃል፤ ከዚያ ካለፈ እርጥብ ቁልቁለት ላይ ጎማው አይዝም።

ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባለው የደብረ ብርሃን ማለዳ ሞተሩ እስኪሞቅ አይጠፋም፤ 2 ኪ.ሜ ብቻ ተሂዶ የሚቆም መኪና ቁጥሩ የሚወርደው ለዚህ ነው። ቆሞ ማሞቅ አይረዳም፣ ወዲያው በቀስታ ተነሱ። ብዙ ጉዳይ ካለ መጀመሪያ ሩቁን ጨርሱና ቅርብ ቅርቡን በሞቀ ሞተር አዳርሱት። ማሞቂያው ሙቀቱን የሚያገኘው ከሞተሩ ውሃ ስለሆነ ቶሎ ከተከፈተ ሞተሩን ያለ እረፍት ያሠራዋል፤ መስታወቱ ጉም ከያዘ ግን መክፈት ግድ ነው።

እነዚህ ሁሉ ተደርገው ቁጥሩ ካልተሻሻለ ጋራዥ ፈትሹ። የመኪናው መመሪያ 0ደብሊው-20 የተባለውን ቀጭን የሞተር ዘይት ሲል ወፍራሙን 20ደብሊው-50 የሚሞላ ሰው አለ፤ ወፍራም ዘይት በብርድ ሞተሩን ያከብደዋል። ከ20 ኪ.ሜ ጉዞ በኋላ እጃችሁን ወደ አራቱ ጎማዎች ቸርኬ አስጠጉ፤ አንዱ ብቻ ቢግል ፍሬኑ ይዟል። ፒስታ መንገድ የሚበዛበት መኪና የአየር ፊልትሮውን ቶሎ ቶሎ ይጠይቃል። ከሁሉ የሚረሳው የባትሪው ማቀዝቀዣ የአየር መግቢያ ነው፤ በብዙዎቹ መኪኖች የኋላ ወንበሩ አጠገብ ወይም ሥሩ ይገኛል። ብርድ ልብስ ወይም ከረጢት ከደፈነው፣ አለበለዚያ መረቡ አቧራ ከጠጣ፣ በቆላው ሙቀት ባትሪው ይግላል፣ ኮምፒውተሩም ሥራውን ወደ ቤንዚን ሞተሩ ያዛውራል። ከኋላ የማራገቢያ ድምፅ ከወትሮው ሲጎላ መረቡን አውጥታችሁ በብሩሽ አጽዱት።