የላይን ኦፍ ዲዩቲን ወንጀለኛ ቀድሜ አውቄ ክትፎዬን እንዴት ተነጠቅሁ

ቢቢሲ በኖቬምበር 2025 ላይን ኦፍ ዲዩቲ የተባለው የፖሊስ ድራማ ለሰባተኛ ሲዝን እንደሚመለስ አስታወቀ። ዜናው እንደወጣ የቤተሰባችን ግሩፕ ነቃ። «አሁን ደግሞ ወንጀለኛው ማን ይሆን?» ተጀመረ። ደስ ይላል። እኔ ግን የስድስተኛው ሲዝን ሒሳብ ገና አልተዘጋልኝም። ያኔ አንድ የሚያውቅ ሰው «ግምትህን እንዲህ አድርገህ አስቀምጥ» ቢለኝ ኖሮ እስከ ዛሬ አልናደድም ነበር። ስለዚህ እናንተ ተጠንቀቁ።

ስድስተኛውን ሲዝን ያላያችሁና ለማየት የምታስቡ ካላችሁ እዚህ ጋ ብንለያይ ይሻላል። መልሱን ከነስሙ ነው የምናገረው።

ድራማውን ለማያውቀው በአጭሩ፦ ኤሲ-12 የሚባል፣ ፖሊስን የሚመረምር የፖሊስ ክፍል አለ። አለቃው ቴድ ሄስቲንግስ ነው፤ ከሥሩ ስቲቭ አርኖትና ኬት ፍሌሚንግ አሉ። ደራሲው ጄድ መርኩሪዮ ነው። በ2012 በቢቢሲ 2 ጀመረ፤ በ2017 ወደ ቢቢሲ 1 ተዛወረ። በየሲዝኑ አንድ የተጠረጠረ መኮንን ይመጣል። ከጀርባ ግን ለዓመታት የተጎተተ ጥያቄ አለ። ፖሊስ ውስጥ ተቀምጦ ለወንበዴዎቹ የሚሠራው ትልቁ ሰው ማነው? በሦስተኛው ሲዝን ዶት ኮታን የሚባለው ከዳተኛ ሊሞት ሲል በቪዲዮ እየተቀረጸ ፍንጭ ሰጠ። «ኤች» የምትል ፊደል። በአምስተኛው ሲዝን መጨረሻ ያ ቪዲዮ እንደገና ሲታይ ሰውዬው እያጣጣረ ጣቱን አራት ጊዜ ይመታል። አራት ነጥብ በሞርስ ኮድ ኤች ነው። ለካ ነገሩ አንድ ሰው አይደለም፤ አራት ናቸው። ሦስቱ ታወቁ። አራተኛውን ሳይነግሩን ሄዱ።

ሁለት ዓመት ጠበቅን። ቀረጻው በማርች 2020 በኮቪድ ተቋረጠ፤ በሴፕቴምበር ቀጠለ። በመጨረሻ እሑድ ማርች 21 ቀን 2021 ማታ 3 ሰዓት ላይ ጀመረ። ሑዳዴ ላይ ነን። ያ እሑድ ምኩራብ ነበር። ነጋዴዎቹ ከቤተ መቅደስ በጅራፍ በተባረሩበት እሑድ የሌባ ፖሊስ አደን መጀመሩን አክስቴ እንደ ምልክት ቆጠሩት። ሰባት ክፍል፣ ሰባት እሑድ። የመጨረሻው ሜይ 2 ላይ ዋለ። ፋሲካ!

እንግሊዝ ውስጥ ያኔ ሰው ቤት ገብቶ መጠያየቅ ክልክል ነበር። ስለዚህ እያንዳንዳችን ቤታችን ሆነን እያየን ግሩፕ ላይ እንጨቃጨቅ ነበር። ሕጉን አክስቴ አወጡ፣ ዳኛዋም እሳቸው ሆኑ። አንድ ሰው አንድ ስም ይጥራ። ስሙ ግሩፕ ላይ ከፋሲካ ማታ 3 ሰዓት በፊት ይግባ። የገባ አይለወጥም። ያሸነፈ በዳግማይ ትንሣኤ ክትፎ ይጋበዛል። ከሁለት ወር ጾም በኋላ ክትፎ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ለናንተ አላብራራም።

አዘገጃጀቴ ተራ ነው። የቆዩትን ሲዝኖች ደግሜ አየሁ። የተጠርጣሪ ስም ደብተር ላይ ጻፍኩ። የሞተውን እየሰረዝኩ ሄድኩ። ይሄን ማንም ያደርገዋል።

የኔ ዘዴ ሌላ ነው፣ እሱም ሠርቷል። ፍንጭ መልቀሙን ተውኩና ድራማው እንዴት እንደሚሠራ ማየት ጀመርኩ። ትልልቆቹን እንግዳ ተዋንያን በተራ ደርድሯቸው። ሌኒ ጄምስ፣ ኪሊ ሃውስ፣ ዳንኤል ሜይስ፣ ታንዲዌ ኒውተን፣ ስቲቨን ግራሃም፣ ኬሊ ማክዶናልድ። በየሲዝኑ አንድ ሰው። ዓይናችንን ይይዛሉ፣ የሲዝኑን ሸክም ይሸከማሉ፣ ታሪካቸውም እዚያው ይቋጫል፤ ኪሊ ሃውስ ብቻ እስከ ሦስተኛው ዘልቃለች። ዳንኤል ሜይስማ የሦስተኛው ሲዝን ዋና ሰው ነው ብለን ስንጠብቅ በመጀመሪያው ክፍል ተገደለ። ስለዚህ ከ2012 ጀምሮ የተጎተተ ጥያቄ መልሱ ትናንት የመጣ ታዋቂ ሰው ሊሆን አይችልም። ድሮ የገባ፣ ማንም ልብ ያላለው ሰው መሆን አለበት።

ይህን ለግሩፑ ብናገር ማን ሊሰማኝ! በተለይ አምስተኛው ክፍል ላይ የጄምስ ኔስቢት ፎቶ ስክሪን ላይ ብቅ ሲል ግሩፑ አበደ። ማርከስ ተርዌል የሚባል የድሮ መርማሪ ነው ተባለ። «እሱን የሚያህል ተዋናይ ለፎቶ ብቻ አይቀጠርም» አሉኝ። ተቀጠረ። ተርዌል የተባለው ስፔን ውስጥ ሞቶ ተገኘ፤ ኔስቢት ከፎቶ አላለፈም። ሊድስ ያለው የአጎቴ ልጅ ግን ስሙን ቀድሞ ግሩፕ ላይ አስገብቶት ነበር። የገባ ደግሞ አይለወጥም። እስካሁን ሙድ እንይዝበታለን።

አክስቴ ደግሞ ዳኛ ሆነው ሳለ ጠበቃም ነበሩ። ሄስቲንግስን ማንም እንዲጠረጥርባቸው አይፈልጉም። «ሲደነግጥ የእመቤታችንን ስም የሚጠራ ሰው ነው፤ እሱ ሌባ አይሆንም» ይላሉ። እኔም ሰረዝኩት፤ በሳቸው ምክንያት ግን አይደለም። በአምስተኛው ሲዝን ሙሉ ሲያስጠረጥሩን ከርመው በስድስተኛው እንደገና እሱን ቢያመጡ ከአንድ በሬ ሁለት ቆዳ መግፈፍ ይሆንባቸዋል።

ደብተሬ ላይ የቀረው ኢያን በክልስ ነው። ከመጀመሪያው ሲዝን አለ፤ በአራተኛው ተመለሰ፤ በስድስተኛው ኬሊ ማክዶናልድ የምትጫወታት መርማሪ የጆ ዴቪድሰን አለቃ ሆኖ መጣ። ሰነፍ ነው። ሥራ አይችልም። ግን በመጣ ቁጥር ማዕረጉ ከፍ ብሏል። ይሄ ማንንም አላስገረመም፣ ምክንያቱም ሁላችንም መሥሪያ ቤታችን ውስጥ እንዲህ ያለ አለቃ አለን። በሲዝኑ አጋማሽ ደግሞ ታሰረ። ሰው ሁሉ «በቃ፣ የታሰረው አይደለም» ብሎ ሰረዘው። እኔ የዚያኑ ዕለት ከሥሩ ሁለት መስመር አሰመርኩ። በጊዜ የታሰረ ሰው ከሁሉ የተሻለ መደበቂያ አለው። ድብቁ ሰው በሚልካቸው መልእክቶች ውስጥ «ዴፊኔትሊ» የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል ሁልጊዜ በአንድ ፊደል አሳስቶ ይጽፋል። ተመልካች ሁሉ ከዚህ ተነስቶ ረቂቅ ሤራ ይሸምን ነበር። እኔ ግን «ስፔሊንግ የማይችል ሰው ነው፣ አለቀ» አልኩ።

አሁን ወደ ፋሲካው ማታ።

ኢንተርኔታችን ቅዳሜ ጠዋት ሄደ። የድርጅቱን ስም አልጠራም፤ ሲያስታውቁ የሚጨፍሩትን ሰዎች አይታችኋል። ደወልኩ። ሙዚቃ። ደግሞ ሙዚቃ። በመጨረሻ አንድ ልጅ አነሳና «ራውተሩን አጥፍተው ያብሩት» አለኝ። ሦስቴ አጥፍቼ አብርቼዋለሁ አልኩት። «አሁን እኔ እያለሁ ያጥፉት» አለ። አጠፋሁት። መስመሩ ተቆረጠ። የደወልኩት በሱ በዋይፋይ ነበር እንዳትሉኝ፤ በዋይፋይማ ምን ዋይፋይ አለ? ልጁ ራሱ ነው የዘጋው።

እንደገና ስደውል ሌላ ሰው አነሳ። የድሮውን ታሪክ እንደ አዲስ ተረክሁ። እሑድ ባለሙያ የለም አለች። ሰኞ ሜይ 3 የባንክ በዓል ነው። ማክሰኞ ከጠዋት እስከ ቀትር ባለው ጊዜ ቤት ይጠብቁ። በዓላችን ነው ብላት ምን ይገባታል? ቤቴ ምድር ቤት ነው። የስልክ ኔትወርክ ጥግ ጥግ እየተሸሸገ ነው የሚመጣው። ቴክስት ይገባል፣ ዳታ ግን አይታሰብም። ቴሌቪዥኑ በጣሪያ አንቴና ስለሚሠራ ድራማውን ማየት እንደምችል አውቃለሁ። ቸግሮኝ የነበረው ግምቴን ማስገባቱ ብቻ ነው። እሱንም ከበዓሉ ምሳ በኋላ ወጣ ብዬ ከመንገድ እልካለሁ ብያለሁ።

የፋሲካ ዕለት ወደ ማታ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ከድርጅቱ ቴክስት ገባ። ብልሽቱ ተስተካክሏል፣ ስለ ትዕግሥትዎ እናመሰግናለን ይላል። ራውተሩ ላይ አረንጓዴ መብራት በርቷል። ተመስገን አልኩ። ሶፋዬ ላይ ተደላድዬ ጻፍኩ፦ «ኢያን በክልስ። ከመጀመሪያው ሲዝን ጀምሮ እሱ ነው። ክትፎው ለብለብ ይሁንልኝ።» ላክሁ። ሦስት ሰዓት ሊሞላ ሃያ ደቂቃ ነበር። ከዚያ ሁሉም ሰው የሚመክረውን አደረግሁ፦ ማንም እንዳያበላሽብኝ ስልኬን አጠፋሁ።

ድራማው ጀመረ። ያን ምሽት 12.8 ሚሊዮን ሰው አብሮኝ አይቷል። ምርመራ ሲጀመር የሚሰማው ያ ረጅም የመቅረጫ ጩኸት ሲሰማ፣ የመስታወቱ የምርመራ ክፍል በር ሲከፈትና እስረኛው ሲገባ ምን ልበላችሁ። በክልስ! ያው ፊቱ፣ ያው «ምንም አልልም» ማለቱ። ብቻዬን ጮህኩ። ከላይ ያሉት ጎረቤቶች ወለሉን መቱ። ዶሮው፣ ድፎው፣ ሁሉም ተረሳ።

ስልኬን ከፈትኩ። ከመልእክቴ ጎን ያቺ ትንሽ የሰዓት ምልክት ቁጭ ብላለች። አልሄደም። አረንጓዴው መብራት በርቷል፤ ኢንተርኔት ግን የለም። ኮቴን እንኳ ሳልደርብ ደረጃውን ሮጬ ወጣሁ። በሩ ጋ ስደርስ ስልኬ ተንጫጫ፤ መልእክቴም ያኔ ሄደ። ድራማው ካለቀ በኋላ። እነሱ ስልክ ላይ የገባው ከአራት ሰዓት በኋላ ተብሎ ነው።

የመጀመሪያው መልስ ከሊድስ መጣ። «አንተ፣ እኛም እኮ አይተናል!» ሳቅ በሳቅ ሆነ። የደብተሬን ገጽ ፎቶ አንስቼ ላክሁ። «ቀለሙ ገና አልደረቀም» አሉኝ። የድርጅቱን ቴክስት ላክሁ። እሱማ ባሰብኝ። «ይኸው፣ በአንድ ሰዓት ተኩል ተስተካክሎልሃል!» የራሳቸው የውሸት ቴክስት መረጃ ሆኖ ተመሠረተብኝ።

ነገሩ ዳኛዋ ጋ ደረሰ። አክስቴ ሁለታችንንም ሰሙ። ከዚያ ፈረዱ። «ልጄ፣ እኔ አንተን አምንሃለሁ። ሕጉ ግን ግሩፕ ላይ ይግባ ነው የሚለው፤ አልገባም። ሌላም ያወቀ የለም። ክትፎው ለዳኛዋ ይሁን።» እንዳሉትም ሆነ። በዳግማይ ትንሣኤ ከቤት ውጭ በተደረደረው ወንበር ላይ ተቀምጠን እሳቸው ክትፎአቸውን በአይብና በጎመን እያጣጣሙ ሲበሉ እኔ ሒሳብ ከፋይ ነበርኩ።

ድርጅቱ ባለሙያ የላከው ማክሰኞ ነው። ካሳ ጠየቅሁ። ኦፍኮም የሚባለው ተቆጣጣሪ ያወጣው ደንብ አለ፤ በደንቡ የገቡት ድርጅቶች ጥገና ሲዘገይ ለደንበኛ በየቀኑ ይከፍላሉ። ግን ቆጠራው የሚጀምረው ሁለት ሙሉ የሥራ ቀን ካለፈ በኋላ ነው። ቅዳሜ አይቆጠርም፣ እሑድ አይቆጠርም፣ የባንክ በዓል አይቆጠርም። ማክሰኞ ሠሩት። ሳንቲም የለም። ይህን ያስረዳችኝ ልጅ ስትጨርስ ለአገልግሎቷ ከአስር ስንት እንደምሰጣት ጠየቀችኝ።

እንግዲህ ለሰባተኛው ሲዝን የምመክራችሁ ይህን ነው። ግምታችሁን በቴክስት ላኩ፣ በዳታ አትመኑ። የተቀባዩን «ደርሶኛል» ሳታዩ ስልክ አታጥፉ። በቀጥታ ስርጭት እዩት፤ ነገ አየዋለሁ ያለ ሰው ጠዋት አውቶቡስ ላይ መልሱን ከማያውቀው ሰው ይሰማዋል። ጋዜጦቹ አዲሱ ከመምጣቱ በፊት ሁሉንም ሲዝን ከሀ እስከ ፐ እዩ ይሏችኋል። አትድከሙ። የመጀመሪያውንና የስድስተኛውን ብቻ እዩ። በማስታወቂያ ቅንጭቡ ላይ በብዛት የሚታየውን ሰው ወዲያው ሰርዙት።

ግሩፑ አሁን ዋና ኮሚሽነሩን ኦስቦርንን ይዟል፤ በስድስተኛው መጨረሻ ማንም ሳይነካው ወንበሩ ላይ ስለቀረ። ኤሲ-12 ደግሞ ፈርሶ ስሙ ተቀይሯል፤ ሦስቱ ጓደኞቻችን የሚመረምሩት አዲስ መኮንን መጥቷል። ሊድስ ያለው ልጅ ይሄን አዲሱን ሰውዬ ነው ዋናው ብሎ የያዘው። ከኔስቢት ፎቶ ምንም አልተማረም።

እኔ ስሜን መርጫለሁ። ለአክስቴ በቴክስት ልኬላቸዋለሁ። ወዲያው መለሱልኝ፦ «ደርሶኛል ልጄ። ግን ይሄ ደግሞ ማነው? አላስታውሰውም።»