የጓደኞቻችሁን የምግብ አሠራር ከማሳተማችሁ በፊት ይህን አንብቡ

ጓደኛሞች ሆነን የየቤታችንን ምግብ አሠራር ከነታሪኩ ሰብስበን በትንሽ መጽሐፍ አሳትመናል። ምግቡ ያማረ ነበር። ማሳተሙ ግን አንጀቴን አቃጥሎኛል፤ እስከ ዛሬም ያቃጥለኛል። አሁን አሁን ብዙ ሰው እንዲህ ያለ ነገር ሲያስብ እሰማለሁ። እኛን ቀድሞ ያስጠነቀቀን ስላልነበረ እኔ ላስጠንቅቃችሁ።

አጀማመሩ ብዙ ወሬ የለውም። በየወሩ አንዳችን ቤት እንሰበሰባለን። ተረኛው ከእናቱ ወይም ከአያቱ ያየውን አንድ ምግብ ይሠራል፣ ከየት እንደመጣ ያወራናል፣ እኛ እንበላለን፣ አሠራሩ ቴሌግራም ላይ ይቀመጣል። ረቡዕና ዓርብን እንዘላለን። በዐቢይ ጾም 55ቱንም ቀን የጾም ነው። ረመዳን ሲሆን ከአፍጥር በኋላ እንገናኛለን። ክርስቲያንም ሙስሊምም ስላለን ሥጋ በጋራ ማዕድ አይቀርብም፤ የሥጋውን ሁሉም ቤቱ ሠርቶ ይጽፈዋል።

ይህ የሥጋ ነገር መጀመሪያ የሚያጠብብን መስሎን ነበር። በተቃራኒው መጽሐፉን ያበለጸገው እሱ ነው። ክትፎና ጥብስ ከማዕዱ ሲወጡ ሰው የተረሳውን ማስታወስ ጀመረ። ስልጆ መጣ፤ የባቄላ ዱቄቱ በሱፍ ውሃ ተገንፍቶ፣ በሰናፍጭ ቆምጥጦ። አዚፋ መጣ። የሐረሯ ጓደኛችን ሁልባት መረቅ፣ ማለትም የአብሽ መረቅ፣ ያለ ሥጋ ሠርታ አስቀመሰችን። የወለጋው ልጅ ጨጨብሳውን በትኩስ ቅቤ አርሶ ሲያቀርብ ቤቱ ጸጥ አለ። የአርሲዋ ደግሞ ጭኮ ይዛ መጣች፤ ሳምንት አስቀምጡት ብትልም የዚያኑ ቀን አለቀ።

አሠራሩን መጻፍ ግን ሥራ ነው። እናቶቻችንን «ስንት ማንኪያ?» ብሎ መጠየቅ ዋጋ የለውም። «በዓይን ነው እንጂ በማንኪያ ወጥ ይሠራል እንዴ?» ይሏችኋል። እውነታቸውን ነው። በድምፅ ልከውልን የጻፍናቸው የመጀመሪያዎቹ አሠራሮች ሌላ ሰው ሲሠራቸው አንዳቸውም አልመጡም።

የሠራልን ዘዴ ይኸው። የአንዷ ጓደኛችን እናት በቤታቸው ዶሮ ወጥ ሊሠሩ ሲነሱ ሽንኩርቱን፣ የበርበሬውን ዕቃ፣ የጨዉን ዕቃና የቅቤውን ማሰሮ ቀድመን መዘንን። እሳቸው እንደ ልማዳቸው በእጃቸው ቆንጥረው፣ በጭልፋ ቀድተው ሠሩ። ማንም «ቆይ እማማ፣ ልለካው» አላላቸውም። ሲጨርሱ ዕቃዎቹን መልሰን መዘንን። ልዩነቱ ወጡ ውስጥ የገባው ነው። እጃቸው ሳይረበሽ ልኩ ተገኘ። በዚህ መንገድ ነው ለአንድ ዶሮ ሁለት ኪሎ ቀይ ሽንኩርት እንደሚፈጁ ያወቅነው። «አራት ራስ ሽንኩርት ይበቃል» የሚሉትን ቪዲዮዎች ከዚያ ቀን በኋላ አላምናቸውም። ወጡን የሚያወፍረው ሽንኩርቱ ነው። ከዘይት በፊት በደረቁ ካልተቁላላ፣ ታግሳችሁ ካላማሰላችሁት፣ ምንም በርበሬ አያድነውም።

የምግብ መጽሐፍ አዘገጃጀት እናውቃለን የሚሉ ሰዎች ሁለት ምክር ይሰጣሉ። ሁሉን በግራም ጻፉ፤ ታሪኩን ለዩት ወይም ቁረጡት። ሁለቱንም አልቀበልም። በግራም መጻፍ ያለባቸው በርበሬ፣ ጨውና ሽንኩርት ናቸው። ሌላው በሲኒ፣ በእፍኝና በቁንጥር ይበቃል፤ ቤታችን ያለው መለኪያ እሱ ነውና። ታሪኩን የሚቆርጥ ደግሞ አሠራሩንም አብሮ ቆርጧል። እኚሁ እናት ስለ አክስታቸው ቤት ሲያወሩ «በርበሬው ማስነጠሱን ሲተው ዶሮውን ክተቺ ትለኝ ነበር» አሉ። ይህን ምልክት የትኛው ግራም ይነግራችኋል? የሌላዋ ጓደኛችን እናት የምስር ወጣቸው ዘይት ለምን እንዲህ እንዳነሰ ሲጠየቁ፣ በደርግ ጊዜ ዘይት ከቀበሌ ሱቅ በራሽን ይወጣ እንደነበር፣ ለወር እንዲበቃ መጨረሻ ላይ ብቻ ጠብ ማድረግ እንደለመዱ ነገሩን። ወጡ ግን ሙያ የጎደለው አይደለም፤ እስከ ዛሬ ከበላሁት ሁሉ እሱ ይጥመኛል። ያን ታሪክ ያላነበበ ሰው ዘይቱን «ተሳስተዋል» ብሎ ይጨምርበታል።

ደቂቃም አትጻፉ። ዱባይ ያለችው ጓደኛችን የክክ ወጡን በጻፍነው ደቂቃ ቀቅላ ክኩ ገንፎ ሆነባት። ምክንያቱ ከፍታው ነው። አዲስ አበባ ከባህር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ ውሃ እዚህ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ዱባይ ባህሩ ዳር ስለሆነች 100 ዲግሪ ይደርሳል። እዚህ ረጅም ሰዓት የሚፈልግ ክክ እዚያ ቶሎ ይፈርሳል። ስለዚህ «በጣት ሲጫኑት እስኪደቅ» ብላችሁ ጻፉ። የትም አገር ይሠራል።

ጽሑፉ አለቀ። እያንዳንዱን አሠራር ከዚያ በፊት ሠርቶት የማያውቅ ሰው እንዲሞክረው አደረግን። ገንዘብ አዋጣን። ማተሚያ ቤት መረጥን። እስከዚህ ድረስ በሰላም ነው።

ማተሚያ ቤቱ ግማሹን ቅድመ ክፍያ ተቀበለ። ፕሩፍ፣ ማለትም ከመታተሙ በፊት የሚታረም ናሙና፣ ሰጠን። ተከፋፍለን እያንዳንዱን ቁጥር አነበብን፣ አረምን፣ ንጹሑን እንደገና አይተን በየገጹ ፈረምን። አንድ ኮፒ አስቀረሁ። ይህን ልብ በሉልኝ፤ በፈረምንበት ላይ አንድም ስህተት አልነበረም።

ከፊርማው በኋላ የሆነውን ያወቅነው ዘግይተን ነው። ጽሑፉ 66 ገጽ ነበር። በመሐል በስቴፕል የሚያያዝ መጽሐፍ ገጹ ለ4 መካፈል አለበት፤ ወይ 64 ወይ 68። ደውለው ቢጠይቁን 68 አድርጉት እንል ነበር፤ ለሁለት ገጽ የፎቶ ቦታ ጠፍቶን አይደለም። አልደወሉም። ዲዛይነሩ በራሱ ፈቃድ ጽሑፉን ወደ 64 ለማስገባት ፊደሉን ቀየረው። ቀጠን ያለ፣ ዩኒኮድ የሚባለው የኮምፒውተር ፊደል ሥርዓት ከመምጣቱ በፊት የነበረ የድሮ ፎንት አለበሰው። ፊደሉ ወደዚያ ፎንት ተቀየረ፤ እዝባሯ ግን፣ ያቺ ጋደል ያለች መስመር፣ እዚያ ላይ ቦታ አልነበራትምና ከመጽሐፉ ሁሉ ጠፋች። ማንም ሳያየው ወደ ማተሚያው ፕሌት ሄደ።

ዕቃውን ልንረከብ ስንሄድ ቀሪውን ግማሽ ሳንከፍል ካርቶን አይከፈትም አሉን። አሠራራቸው ነው። ከፍለን ወሰድን። የዚያኑ ቅዳሜ ቡና አፍልተን፣ ፈንዲሻ በትነን፣ ለወዳጅ ዘመድ አደልን። ሽፋኑ ቆንጆ ነው። እናቶች ስማቸውን እያዩ አለቀሱ። ከዚያ የሐረሯ ጓደኛችን አንድ ገጽ ላይ ቆመችና «ነሽንኩርት ምንድን ነው?» አለች።

«ነ/ሽንኩርት» ነበር። ሌላ ገጽ ገለጥን፤ «ወ/ሮ» የሚለው «ወሮ» ሆኗል። ወዲያው ሁላችንም አንድ ነገር ነው የመጣብን። ወደ ንጥር ቅቤው ገጽ ሄድኩ። «1/2 የሻይ ማንኪያ እርድ» ብለን የጻፍነው «12 የሻይ ማንኪያ እርድ» ይላል። ስልጆው «14 ሲኒ ሰናፍጭ» ይላል። በየገጹ እንዲሁ። ግማሽ የተባለው ሁሉ አሥራ ሁለት፣ ሩብ የተባለው ሁሉ አሥራ አራት።

ለተሰጣቸው ሰዎች መደወል ጀመርን። ለአንዷ ግን አልደረስንላትም። የጓደኛችን የእህት ልጅ አዲስ ጎጆ የወጣች ናት፤ በራሷ ቤት ቅቤ ስታነጥር የመጀመሪያዋ ነው። አንድ ኪሎ ቅቤ ገዝታ፣ ኮሰረቱን፣ በሶብላውን፣ ኮረሪማውን፣ አብሹን አሰናድታ እርዱን እንደታተመው ቆጥራ ጨመረች። የዛሬ የቅቤ ዋጋ ለማንም አይጠፋውም። ስንደርስ ድስቱ ውስጥ ያለው ነገር እንደ ቀለም ቢጫ ነው፤ እርዱ ታች ዘቅጦ ጭቃ ሆኗል፤ ሽታው መራራ ነው። ደጋግመን አጠለልነው፤ አልዳነም። ልጅቷ «እኔ ነኝ ያጠፋሁት» ብላ አቀርቅራለች። እኔን እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ይህ ነው። ምንም አላጠፋችም። የታተመ ነገር አመነች፤ መጽሐፍ የሚገዛው ሊታመን ነው።

ሰኞ ማተሚያ ቤቱ ሄድኩ። ሥራ አስኪያጁ ሳይቀመጥ «ፈርማችሁበታል» አለኝ። የፈረምንበትን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁለት፤ 1/2 ቁልጭ ብሎ ይታያል። ጎን ለጎን መጽሐፉን አስቀመጥኩ። አየ፤ አገላበጠ። ከዚያ «መቼም 12 ማንኪያ እርድ የሚጨምር ሰው የለም፣ አንባቢ አእምሮ አለው» አለ። ስለ ልጅቷ ነገርኩት። ዝም አለ። «በጽሑፍ አቤቱታ አስገቡ» አለኝ። አስገባን፤ ተመዝግቦ ማኅተም ተመታበት። ከዚያ ወዲህ በተመላለስኩ ቁጥር ስብሰባ ላይ ናቸው፣ መስክ ወጥተዋል፣ ዛሬ አልገቡም። ደረሰኙ ጀርባ ላይ በደቃቅ ፊደል «ዕቃ ከወጣ በኋላ ቅሬታ አንቀበልም» የሚል አለ፤ ጸሐፊዋ እሱን እያሳየች ትመልሰኛለች። በመጨረሻ የቀረበልን ነገር ለሚቀጥለው ሥራችን ቅናሽ ነው። ለሚቀጥለው! አንድ የእርማት ወረቀት እንኳ አላተሙልንም።

በእጃችን የቀሩትን ኮፒዎች በየሳምንቱ እየተሰበሰብን በቀይ እስክሪብቶ አረምናቸው። የበዓል ሰሞን ስለነበር ቡናው አልተቋረጠም፤ እናቶችም መጥተው አገዙን።

ሁለተኛውን እትም ራሳችን ሠራነው። ፎቶ ኮፒ ቤት አትመን በስፒራል አስጠረዝነው። ባለሙያዎች ይህ መጽሐፍ አይባልም ይላሉ። እኔ ግን ለወጥ ቤት ከዚህ የተሻለ አላውቅም። ተገልጦ ጠረጴዛ ላይ ይተኛል፤ ዘይት የነካው ገጽ ተነቅሎ በሌላ ይተካል፤ አዲስ ምግብ ሲመጣ ይጨመራል። በብዛት ማሳተም የግድ ከሆነባችሁ ፎንቱ አብሮ የታሸገበት ፒዲኤፍ ስጡ እንጂ የወርድ ፋይል አትስጡ። ከፕሩፉ በኋላ አንድ ፊደል እንኳ ሳይጠየቅ እንዳይነካ ውሉ ላይ አስጽፉ። ገጹን ራሳችሁ ለ4 አካፍሉ። ካርቶን ሳይከፈት ቀሪ ክፍያ አትክፈሉ፤ «አሠራራችን ነው» ካሉ ሌላ ቤት ሂዱ። ደግሞ ግማሽንና ሩብን ሁልጊዜ በፊደል ጻፉ። በእኛ መጽሐፍ ከነሙሉ ጤናው የወጣው የዶሮ ወጡ ገጽ ብቻ ነው፤ የጻፈችው ጓደኛችን ከመጀመሪያው «ግማሽ ኪሎ» እያለች ስለጻፈች።

የመጀመሪያው እትም ሳይታረም እጃችሁ የገባ ወዳጆቻችን ካላችሁ አሁኑኑ አስተካክሉት። ንጥር ቅቤው ላይ እርዱ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ነው። ስልጆው ላይ ሰናፍጩ ሩብ ሲኒ ነው። ክትፎው ላይ «1 12 የሾርባ ማንኪያ ሚጥሚጣ» የሚለው አንድ ተኩል ማለት ነው።