አንጀቴን የበላው የፈርዖን ልጅ

ሰሞኑን ማታ ማታ የማነበው ስለ ሦስተኛው ራምሴስ ነው። እንቅልፍ ይነሳል። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ12ኛው ክፍለ ዘመን ግብፅን 31 ዓመት ያህል ገዝቷል። በባሕር የመጡበትን ወራሪዎች ድል ነሥቶ፣ ድሉን በመዲነት ሃቡ ቤተ መቅደስ ግድግዳ ላይ አስቀርጿል። ይህ ሁሉ ጦር ያልነካው ሰው የተገደለው በገዛ ቤተሰቡ ሤራ ነው።

ሤራውን የጠነሰሰችው ከሚስቶቹ አንዷ፣ ቲዬ ናት። ልጇ ጴንታወሬ እንዲነግሥላት ፈለገች። አልጋ ወራሹ ግን የሌላ ሚስት ልጅ ነበር። ቲዬ የእልፍኙን አዛዥ ከጎኗ አሰለፈች። ከዮሴፍ ታሪክ የምናውቃቸው ዓይነት ጠጅ አሳላፊዎችም አብረው ገቡበት። የቤተ መንግሥቱን ዘበኞች ለማፍዘዝ የሰም ምስል ሠርተው አስማት ሞከሩ። ከንጉሡ እልፍኝ ሴቶች አንዷ በኩሽ የቀስተኞች አለቃ ለነበረው ወንድሟ ደብዳቤ ላከች። ሕዝቡን በንጉሡ ላይ አነሣሣ አለችው። እህት ለወንድም የምትልከው ሰላምታ መስሎ ስንት ነገር ይወጣል!

ጊዜውም የተመቸ ነበር። ከዚያ ሁለት ዓመት ገደማ ቀደም ብሎ፣ የነገሥታቱን መቃብር የሚፈለፍሉት የዴር ኤል መዲና ሠራተኞች ቀለባቸው ቢዘገይ «ርቦናል» ብለው ሥራ አቆሙ። ከቤተ መቅደስ ጀርባ ሄደው ቁጭ አሉ። በጽሑፍ ከተገኙት የሥራ ማቆም አድማዎች የመጀመሪያው ይሄ ነው ይባላል። ሤረኞቹን ያደፋፈራቸው ይህ የሕዝብ ብሶት ይመስለኛል።

ሤራው ግን ግማሽ መንገድ ላይ ከሸፈ። ንጉሡ ሞተ፣ ዙፋኑን የያዘው ግን አልጋ ወራሹ ሆነ። አራተኛው ራምሴስ ተባለ። 12 ዳኞች ተሰየሙ። ጉዱ ያለው እዚህ ላይ ነው፤ ከዳኞቹ መካከል ከተከሳሾቹ ሴቶች ጋር ሲጠጡ የተገኙ ነበሩ። አፍንጫና ጆሯቸው ተቆረጠ። ጴንታወሬም ጥፋተኛ ተባለና ራሱን እንዲገድል ተተወ።

እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ2012 የንጉሡ ሙሚ (እንዳይበሰብስ ተደርጎ የተገነዘ አስከሬኑ) የሲቲ ስካን ውጤት ይፋ ሆነ። በጨርቁ ሥር አንገቱ እስከ አጥንቱ ድረስ ታርዷል። ቁስሉ ውስጥ የሆረስ ዓይን ክታብ ተደርጎለታል፤ በወዲያኛው ዓለም እንዲድንለት። ዘረመሉ ከሌላ ስም የለሽ ሙሚ ጋር ሲነጻጸር የልጁ ሊሆን እንደሚችል አሳየ። ዕድሜው 18 ወይም 20 ቢሆን ነው። ተመራማሪዎቹ ጴንታወሬ ሳይሆን አይቀርም ይላሉ።

አንጀቴን የበላው የእሱ አገናነዝ ነው። እንደ ልዑል በበፍታ አልተጠቀለለም። የፍየል ቆዳ ነው ያለበሱት፣ ያውም እንደ ርኩስ የሚታይ ነገር። አፉ ተከፍቶ ቀርቷል። ንጉሥ መግደል ከባድ ወንጀል ነው፣ አልክድም። ግን ያን ሁሉ ድር ያደራው እሱ ነው ብዬ ለማመን ይከብደኛል። ደብዳቤውን የጻፉት፣ ሰሙን ያቀለጡት፣ አለቆቹን የደለሉት ትልልቆቹ ናቸው።

በኋላ ዘመን ካህናት የነገሥታቱን አስከሬኖች ከመቃብር ዘራፊ ለማዳን ሲሸሽጉ፣ አባትና ልጅ ዴር ኤል ባሕሪ አንድ ዋሻ ውስጥ ገቡ። በፈረንጆቹ 1881 እስኪገኙ ድረስ አብረው ኖሩ። ያሸነፈው ወንድም ደግሞ የነገሠው 6 ዓመት ገደማ ብቻ ነው። የቲዬ ፍርድ በተገኘው የችሎት መዝገብ ላይ ጭራሽ አልሰፈረም። ሁሉን የጀመረችው እናት ሳትጻፍ፣ የልጁ ቅጣት እስከ ከፈኑ ድረስ መታወቁ ያናድደኛል።