የጓሳ መንገድና የላንድክሩዘሯ ማሳ

ወደ መንዝ ጓሳ የሄድነው መንገዱ ሰላም በነበረ ጊዜ፣ በወዳጄ ላንድክሩዘር ነው። አሮጌ ሃርድቶፕ ናት፤ 4.2 ሊትር የናፍጣ ሞተር አላት። ወዳጄ እጁ ላይ ትንሽ ብር ከገባ መኪናው ላይ ዕቃ ሳይጨምር አያድርም። ለዚህ ጉዞ ሲል አዲስ አበባ አንድ ጋራዥ አስገብቶ ከፊት ሁለት ትልልቅ የጉም መብራቶች፣ ፖርቶመጋላው ላይ ረጅም ኤልኢዲ፣ ከኋላ ደግሞ ትንሽ ፍሪጅ አስገጥሟል። መኪናዋ ለሰርግ የተሸለመች ትመስል ነበር።

ሳይነጋ ወጣን። ሰንዳፋንና አለልቱን አለፍን። ሸኖ ስንደርስ ቅቤ ሻጮቹ ገና አልወጡም፤ የሸኖ ለጋ ቅቤ ለመልስ ይቆየን ብለን ቀጠልን። ጫጫ አካባቢ ጉሙ ወረደብን። ከፊታችን ያለው የጭነት መኪና የኋላ መብራት ብቻ ነው የሚታየው። ወዳጄ ይህን ቀን ሲጠብቅ ነበርና ያሉትን መብራቶች በሙሉ ለቀቃቸው።

ያኔ የሙቀት ጌጁ ቀስት ተነሳ። መሀል ላይ የነበረው ወደ ቀዩ ተጠጋ።

ዳር ይዘን ቆምንና ኮፈኑን ከፈትን። እንፋሎት የለም። የራዲያተሩ ቬንትሌተር ይሽከረከራል፤ የመጠባበቂያ ዕቃው ውሃም ልኩ ላይ ነው። የላይኛውን ጎማ ቱቦ በጨርቅ ያዝኩት፤ ሞቅ ብሏል እንጂ አያቃጥልም። ደግሞስ በዚያ ብርድ፣ በሜዳ መንገድ፣ ምን አድክሟት ትፈላለች? ወዳጄ ባትሪው እንዳይደክም ብሎ መብራቱን አጠፋ። ቀስቱ ወዲያው ወደ ቦታው ተመለሰ። አበራ፤ ወጣ። አጠፋ፤ ወረደ።

ውሃ በአንድ ሴኮንድ አይሞቅም፣ በአንድ ሴኮንድም አይበርድም። ስለዚህ የሚዋሸው ጌጁ ነው። ሌሎች ምልክቶችም ነበሩ፤ ከመነሻችን ጀምሮ ያላስተዋልናቸው። መብራቱ ሲበራ ሬዲዮው እንደ ንብ ይጮሃል። ፍሬቻ ስናበራ የዳሽቦርዱ መብራት አብሮ ጠቀስ ጠቀስ ይላል።

ተጨማሪዎቹን መብራቶች አጥፍተን በቀስታ ደብረ ብርሃን ገባን። ቁርስ በልተን አንድ የመኪና ኤሌክትሪሺያን ጠየቅን። ከጋራዦቹ ተርታ አንድ ወጣት አገኘን፤ በዚያ ብርድ እጅጌውን ሰብስቦ ይሠራል።

«ጋሼ፣ ይሄ ነገር ከመቼ ጀምሮ ነው?» አለኝ።

«ዕቃው ከተገጠመ ወዲህ ነው መሰለኝ።»

«በቃ፣ ማሳ ነው።»

መኪና የማይነካካ አንባቢ ካለ ትንሽ ላብራራ። መኪና ላይ ለእያንዳንዱ መብራት ሁለት ገመድ ከባትሪው ድረስ አይዘረጋም። ፖዘቲቩ በሽቦ ይሄዳል፤ መመለሻው ግን የመኪናው ብረት ነው። ያ ነው ማሳ የሚባለው። ችግሩ፣ የመኪና ብረት አንድ ወጥ አይደለም። ሞተሩ በላስቲክ ትራስ ላይ ነው የተቀመጠው። ቦዲውም ከሻንሲው ጋር የተያያዘው መሀሉ ላስቲክ ገብቶ ነው። ላስቲክ ደግሞ ኤሌክትሪክ አያሳልፍም። ስለዚህ ሞተሩን ከቦዲው፣ ቦዲውን ከሻንሲው የሚያገናኙ ገመዶች ያስፈልጋሉ። ማንም ዞር ብሎ አያያቸውም። ዘይት ሲንጠባጠብባቸው፣ ጭቃ ሲረጭባቸው ዓመታት ያልፋሉ።

ወዳጄ ከዕቃው ጋር አንድ ቴስተር (የኤሌክትሪክ መለኪያ) ገዝቶ ነበርና ከወጣቱ ቀድሞ አወጣው። ኦም (ገመድ ኤሌክትሪክን ምን ያህል እንደሚያግድ መለኪያ) ላይ አድርጎ አንዱን እግር ባትሪው ላይ፣ ሌላውን ፓራፋንጎው (ከጎማው በላይ ያለው የቦዲ ቆርቆሮ) ላይ አሳረፈ። ዜሮ ምናምን አነበበ። «ማሳው ምንም አልሆነም» ብሎ ደመደመ።

ወጣቱ ሳቅ አለ። «መብራቱ ጠፍቷል እኮ ጋሼ። ሥራ ሳይሰጡት ማን ይደክማል?»

ከዚያ ጉዞ የያዝኩት ትልቁ ትምህርት ይሄ ነው። ቴስተር ኦም ሲለካ የሚልከው ጉልበት እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ገመዱ ተበጣጥሶ ሦስት ክር ቢቀረው እንኳ ያችን ታህል ያሳልፋታል፤ ማሳውም ጤነኛ ይመስላል። እውነቱ የሚወጣው ጭነት ሲኖር ነው። ወጣቱ ሞተሩን አስነሳ፣ መብራቱን ሁሉ አበራ፣ ፍሪጁንም አስጀመረ። ቴስተሩን የዲሲ ቮልት ላይ አዞረ። ጥቁሩን እግር የባትሪው ነጌቲቭ ላይ አሳረፈ፤ የማሰሪያው ብረት ላይ ሳይሆን ራሱ ጉጡ ላይ፣ ምክንያቱም ማሰሪያውም ሊዝግ ይችላል። ቀዩን ሞተሩ ላይ ሲያስነካ 0.05 ቮልት አሳየ። ደህና ነው። ፓራፋንጎው ላይ ሲያስነካ 1.1 ቮልት።

በደህና መኪና እዚያ ላይ ከ0.1 ወይም ቢበዛ ከ0.2 ቮልት በላይ መታየት የለበትም። ሁለቱ ቁጥሮች አንድ ላይ ሲታዩ በሽታው ያለበትን ቦታ ይናገራሉ፤ ከባትሪ ወደ ሞተር ሰላም ነው፣ ከሞተር ወደ ቦዲ ግን መንገዱ ተዘግቷል።

የጌጁም ውሸት እዚያው ተፈታ። የሙቀቱ ሴንሰር የተጠመደው ሞተሩ ላይ ነው፤ ማሳውን የሚያገኘው ከሞተሩ ነው። ጌጁ ደግሞ ከቦዲው። መብራቱ ሲበራ ቦዲው ከሞተሩ አንድ ቮልት ከፍ ይላል። ጌጁ ያንን ልዩነት እንደ ሙቀት ቆጠረው።

እኔ ደግሞ ሒሳብ እወዳለሁ። መብራቶቹና ፍሪጁ አንድ ላይ 22 አምፔር ገደማ ይስባሉ። 1.1 ለ22 ሲካፈል 0.05 ኦም ይመጣል። ተራ ቴስተር ይህችን ታህል ነገር በኦም በቅጡ አይለያትም፤ የራሱ ገመድ ከዚያ በላይ ነው። ግን በዚያች ቦታ 24 ዋት ያህል ወደ ሙቀት ይለወጣል። ቀን በቀን እየሞቀ፣ እየዛገ፣ እየባሰበት ይሄዳል።

ወጣቱ ገና ምንም ሳይፈታ ባትሪ ማስነሻ ገመድ አመጣ። አንዱን ጫፍ የባትሪው ነጌቲቭ ላይ፣ ሌላውን ባዶ የቦዲ ቡሎን ላይ ቆነጠጠ። ቀስቱ ወረደ። ሬዲዮው ዝም አለ። መብራቱ ራሱ ደመቀ። በረሃ ላይ ቴስተር ለሌለው ሰው ከዚህ የተሻለ ምርመራ አላውቅም።

ከዚያ ተጎንብሶ ከሞተሩ ጀርባ ፈለገና አገኘው። የተጠለፈ የመዳብ ገመድ ነው፤ አረንጓዴ ሆኗል፣ በጥቂት ክሮች ተንጠልጥሏል። ከበፊትም እንደዚያ ነበረ ማለት ነው። የፋብሪካው መብራት ብቻ ሲሆን ብዙ ስለማይጫነው ችሎ ኖሯል። አዲሱ ዕቃ አጋለጠው። የአዲስ አበባው ጋራዥም ግን ነፃ አይደለም። የሦስቱን መብራቶች ማሳ አንድ ላይ አጣምሮ፣ ቀለሙን እንኳ ሳይፍቅ፣ ፓራፋንጎው ላይ በአንዲት ትንሽ ቪቴ አስሮታል። ቀለምም እንደ ላስቲኩ ነው፤ ኤሌክትሪክ አያሳልፍም።

ወጣቱ ከብየዳ ገመድ ላይ ቆርጦ፣ በሁለቱ ጫፍ ካፖኮርዳ (የገመድ ጫፍ ማሰሪያ ብረት) ጨምድዶ፣ አዲስ ማሳ ሠራልን። ብረቱን በብርጭቆ ወረቀት እስኪያብረቀርቅ ፈገፈገ። በሮንዴላ አጥብቆ አሰረ፤ ካሰረ በኋላ ከላይ ግራሶ ቀባው፣ እርጥበት እንዳይገባ። እንደገና ለካ፤ 0.06።

ወዳጄ እየተገረመ «ፊውዙ ለምን አልተቃጠለም?» አለ። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ነው የሚሳሳተው። ፊውዝ የሚቃጠለው ከልክ በላይ ሲያልፍበት ነው። የተበላሸ ማሳ ደግሞ የሚያልፈውን ይቀንሳል። ፊውዙ ምን በወጣው ይቃጠላል! መብራት ሲደበዝዝ ፊውዝ የሚያገላብጥ፣ ብሶበትም ትልቅ ፊውዝ የሚከት ሰው መኪናውን ለእሳት እያዘጋጀ ነው።

ወዳጄ ደግሞ «እንግዲያው የሁሉንም ማሳ በቀጥታ ባትሪው ላይ ልሰር» አለ። ወጣቱ ራሱን ነቀነቀ። «ዊንች፣ የመኪና መጎተቻው፣ ከሆነ አዎ፣ እንደ ፖዘቲቩ ወፍራም ገመድ ይዞ ባትሪ ድረስ ይሂድ። ቀጫጭኑን ግን ተወው። ትልቁ ማሳ አንድ ቀን ቢበጠስ፣ ሞተሪኖው በቀጭኑ ልመለስ ይላል።» ሞተሪኖ ናፍጣ ሞተር ሲያስነሳ ከ150 አምፔር በላይ ይወስዳል። ያ ቀጭን ሽቦ ምን እንደሚሆን መገመት ነው።

ከደብረ ብርሃን ወደ ጣርማበር ወጣን። በጣሊያን ወረራ ጊዜ የተቆፈረው ዋሻ እዚያ ነው። ዋሻውን አልፎ የሚወርደው መንገድ ደብረ ሲና፣ ከዚያም ሸዋ ሮቢት ይወስዳል። እኛ ወደ ግራ ታጥፈን ጠጠሩን ያዝን። ቀስቱ መሀል ላይ ተተክሏል፤ ወዳጄ ግን ከመንገዱ ይልቅ እሱን ሲያይ ነው የዋለው።

ጓሳ ስለ ራሱ ብዙ የሚወራለት ቦታ ነው፤ እዚህ አልዘልቀውም። ጅብራው በየኮረብታው ቆሟል፣ ጭላዳዎቹ ሣር ይነቅላሉ። ቀይ ቀበሮ ከሩቅ አይተናል። የመንዝ ሰው ሣሩን ለዘመናት በራሱ ሕግ እየዘጋና እየከፈተ ነው ያቆየው፤ ለቤት ክዳን፣ ለገመድ የሚሆነውን። ብርዱ ግን ይቅር አይልም።

ጠጠሩ ላይ ፍሪጁ ጮኸና ቆመ። አሁን እኛም ኤሌክትሪሺያን ሆነናል። ሞተሩን አጠፋን፣ ፍሪጁን አስነሳን፣ ለካን። ባትሪው ላይ 12.6፤ ፍሪጁ ሶኬት ላይ 10.8። የጠፋውን 1.8 ፈለግን። በፖዘቲቩ በኩል 0.3 ብቻ፤ በማሳው በኩል 1.5። ሶኬቱን ስንፈታ ያው የጋራዡ ቪቴ ነው፣ የኋላውን ቆርቆሮ ከነቀለሙ ወግቶ። ወዳጄ አጠገቡ ወዳለው የመቀመጫ ቀበቶ ቡሎን እጁን ሲልክ ከለከልኩት፤ እሱ የሰው ነፍስ ማሰሪያ ነው። ሌላ የቦዲ ቡሎን ፈትተን፣ ፍቀን፣ አሰርነው። ፍሪጁ ሠራ። በዚያ ብርድ ፍሪጅ ለምን እንዳስፈለገን ግን አትጠይቁኝ።

መሐል ሜዳ ስንገባ ገበያ ነበር፤ በጎች፣ ባና፣ ገብስ። ቆመን ሻይ ስንጠጣ አንድ የአይሱዙ ሾፌር ወዳጄ እጅ ላይ ያለውን ቴስተር አየ።

«ወንድሜ፣ ፍሬን ስይዝ ፍሬቻው አብሮ ይበራብኛል። አምፖል ቀይሬ ሰለቸኝ።»

ወዳጄ ሻዩን እንኳ አልጨረሰም። «የኋላ መብራቱ ማሳ ነው» አለና አይሱዙው ሥር ገባ። ከዚያ እሱን ማውጣት አልተቻለም። አይሱዙ 24 ቮልት እንደሆነ እያብራራ፣ ብርጭቆ ወረቀት ይዞ ዝገት ሲፈገፍግ ልጆች ከበቡት። ሾፌሩ ፍሬን ረገጠ፤ ፍሬቻው አልበራም። ወዲያው ሌላ ሾፌር መጣ፣ «የኔም ክላክስ አንዳንዴ ይጠፋል» እያለ።