ሦስት ግሩፕ አባሮኛል፤ በአራተኛው ደላላ ነኝ ብዬ ገባሁ

ለመጀመሪያ ጊዜ የተባረርኩት በገባሁ በ17 ደቂቃ ውስጥ ነው። የማስታውሰው እናቴ ቡና እያፈላች ስለነበር ነው። ቡናው ሲቆላ ገባሁ፤ አቦሉ ሳይቀዳ ወጣሁ። ማለቴ፣ አስወጡኝ።

ጥቅምት 2015 ዓ.ም ነበር። ደሴ፣ ሰኞ ገበያ አካባቢ አንዲት ጠባብ ሱቅ ውስጥ ሞባይል እጠግናለሁ። ሥራው አይከፋም፤ ግን ደንበኛ የማይመጣበት ቀን ይረዝማል። አንድ ጓደኛዬ "አፊሊየት የሚባል ነገር አለ። ሊንክ ትለጥፋለህ፣ ሰው ሲገዛ ኮሚሽን ይገባልሃል" አለኝ። ሰው ለምን ከእኔ ሊንክ እንደሚገዛ ግን አልነገረኝም። እኔም አልጠየቅኩትም።

የኦንላይን መደብሩ አማዞን ላይ ተመዘገብኩ፣ የታክስ ፎርሙን ሞላሁ፣ የእጅ ቡና ወፍጮ መረጥኩ። ቡና መቼም አውቃለሁ፤ ወሎዬ ነኝ። ከዚያ ውጭ አገር ያሉ ሐበሾች የሚበዙበት አንድ የቴሌግራም ግሩፕ ገባሁና "ሰላም ውድ ቤተሰቦች፣ ምርጥ የቡና ወፍጮ በታላቅ ቅናሽ" ብዬ ለጠፍኩ። ሦስት የእሳት ምልክትም አከልኩበት። እውነቱን ለመናገር ቅናሽ የሚባል ነገር አልነበረውም። ወፍጮውንም በዓይኔ አይቼው አላውቅም።

ሁለተኛው እንግሊዝኛ ተናጋሪ የቡና ወዳጆች የሚሰበሰቡበት ቦታ ነበር። እዚያ ብልጥ ልሁን አልኩ። የኮሚሽን ሊንክ ውስጡ የባለቤቱ መለያ አለበት፤ ዓይን ያለው ሰው ያየዋል። ስለዚህ በሊንክ ማሳጠሪያ ደበቅኩት። ለካ የተደበቀ ሊንክ ከግልጹ ይልቅ ያስጠረጥራል። ሰው እንኳ ሳያየው ቦቱ፣ ማለትም ግሩፑን የሚጠብቀው ፕሮግራም፣ አጠፋው። የባሰው ነገር ደግሞ ፖስቱ ለእኔ ይታየኛል፤ ለሌላው አይታይም። ሁለት ሳምንት ሙሉ ባዶ ቤት ውስጥ ሳወራ ከረምኩ።

ሦስተኛውን ስጽፈው አሁንም ፊቴ ይቀላል። ሁለት አካውንት ከፈትኩ። በአንዱ "እባካችሁ ጥሩ የቡና ወፍጮ የሚያውቅ?" ብዬ ጠየቅኩ። በሌላው ገብቼ መለስኩ። ተመልሼ በመጀመሪያው "ተባረክ ወንድሜ፣ አሁን አዘዝኩት" ብዬ አመሰገንኩ። ጠያቂም መላሽም አመስጋኝም እኔው። ሁለቱ አካውንቶች በአንድ ቀን መከፈታቸውን አንዱ አባል አይቶ አጋለጠኝ። ሁለቱም ተባረሩ። የአንደኛውንም ቦታ ስም አልጠራም፤ ጥፋቱ የእኔ ነው።

ታኅሣሥ ላይ አጎቴ ለሕክምና ወደ ደሴ መጡና እኛ ዘንድ አረፉ። የሚኖሩት ባቲ ነው። ከአፋር የሚወጣው ግመልና ከደጋ የሚወርደው እህል በሚገናኝበት በዚያ የሰኞ ገበያ ዕድሜያቸውን ሙሉ ግመል ሲያገበያዩ ኖረዋል። ደላላ ናቸው። (የእኔ ሰፈር ስሙ ሰኞ ገበያ፣ የእሳቸው ገበያ የሚውለው ሰኞ። ያኔ ልብ አላልኩትም።) ማታ ቡና ላይ እናቴ "ይኼ ልጅ ከስልኩ ጋር ተጣልቷል" ብላ ከሰሰችኝ። ነገሩን አስረዳኋቸው። ሥራዬ ምን እንደሆነ ሲገባቸው ሳቁ።

"ታዲያ ደላላ ነኝ አትልም?"

"እንደዚያ ካልኩማ ማን ይሰማኛል፣ አጎቴ?"

"አንተ ልጅ፣ እኔ ገበያ ስገባ ደላላ መሆኔን የማያውቅ አለ? ሻጩም ያውቃል፣ ገዢውም ያውቃል። ሰው የሚጠላው የትኛውን ደላላ መሰለህ? ዘመድ መስሎ የሚጠጋውን ነው።"

ከዚያ ስለ ግመል ነገሩኝ። ጥርሱን ገልጠው ዕድሜውን ለገዢው ያሳያሉ። የሚያነክስ ከሆነ ገዢው ሳያይ እሳቸው ቀድመው ይናገራሉ። "እሱ ካገኘው የግመሉም የእኔም ዋጋ ይወርዳል። እኔ ቀድሜ ከተናገርኩ የግመሉ ይወርዳል፣ የእኔ ይወጣል" አሉኝ። ሲነሱ ትከሻዬን መታ አድርገው "አብሽር" ብለው ሄዱ። በወሎ አብሽር ከተባልክ ነገሩ አልቋል ማለት ነው።

ያን ምሽት አንድ ሌላ ነገርም አየሁ፤ ድሮም ሳየው የኖርኩት ነገር። ጎረቤታችን ገንዘብ ልትበደር መጥታ ነበር። አቦሉን ጀባ ተባለች፣ ጠጣች፣ የልጆቹን ደህንነት ጠየቀች። በቶናው የእናቴን ወገብ ሕመም አዳመጠች፤ የሚታሽ ቅጠል ነገረቻት። ጉዳይዋን ያወጣችው በበረካው ነው። እናቴም ሰጠቻት። እኔ ታዲያ በሰው ቤት ቡናው ሳይወቀጥ ነበር እጄን የዘረጋሁት።

በጥር አንድ ጥሬ ቡና ገዝተው ቤታቸው የሚቆሉ ፈረንጆች የሚወያዩበት ቦታ ገባሁ። አራተኛዬ መሆኑ ነው። አንድ ወር ምንም አልጻፍኩም። ከላይ ተሰክቶ ያለውን ሕግ ሦስት ጊዜ አነበብኩ። በፊት አንብቤ አላውቅም ነበር። ሬዲት በሚባለው የውይይት ድረ ገጽ ላይ ለረጅም ጊዜ ሲነገር የኖረ አንድ ልማድ አለ፤ ከአሥር ነገር ዘጠኙ ለሰው የሚጠቅም ይሁን፣ አንዱ ስለራስህ ይሁን የሚል። ሳየው የጎረቤታችንን በረካ አስታወሰኝ። ይህን ልማድ ግን እንደ ሒሳብ የሚቆጥሩት አሉ፤ ዘጠኝ ጊዜ "እውነት ነው፣ እናመሰግናለን" ብለው በአሥረኛው ሊንክ ይጥላሉ። አድሚኖቹ ይህንን ከሩቅ ያሸቱታል። እነሱ ደመወዝ የላቸውም። ከሥራ ደክመው ገብተው የእንደ እኔ ዓይነቱን ቆሻሻ ሲጠርጉ የሚያመሹ ሰዎች ናቸው። ይህ ሲገባኝ መጀመሪያ ያደረግኩት ለአድሚኑ መጻፍ ነበር። የምኖረው ኢትዮጵያ መሆኑን፣ ሞባይል እንደምጠግን፣ ከዕቃ ሽያጭ ኮሚሽን እንደማገኝ፣ ምን እንደሚፈቀድ ባውቅ ደስ እንደሚለኝ ጻፍኩ። በማግስቱ መለሰልኝ። መልስ ስጥ፣ ውይይት ውስጥ ሊንክ አታስገባ፣ በሳምንት አንድ ቀን የሚከፈት የሻጮች ቦታ አለ፣ እዚያ ግለጠውና ለጥፍ አለኝ። ይኸው ነው። ሦስት ጊዜ የተባረርኩበት ነገር ጥያቄ ብጠይቅ ኖሮ ይፈታ ነበር።

ሊንኩን የትም መበተን እንደማይቻል ያወቅኩትም ያኔ ነው። የአማዞን ደንብ ሊንኩ የሚቀመጥበትን የራስህን ገጽ አስመዝግብ ይላል። የሰው ግሩፕ ደግሞ የእኔ ገጽ አይደለም። ስለዚህ አንዲት የዩቲዩብ ቻናል ከፍቼ አስመዘገብኩ። እናቴ ስትቆላ በስልክ እቀርጻለሁ፤ ፊቷ አይታይም፣ እጇና ብረት ምጣዱ ብቻ ነው የሚታየው። ሊንኩ ከቪዲዮው ሥር ይቀመጣል። ከሊንኩ በላይ "ከዚህ ብትገዙ ኮሚሽን አገኛለሁ" የሚል መስመር አለ። ይህም ቢሆን ጨዋነት ብቻ አይደለም። አማዞን ራሱ ግዴታ ያደርገዋል፤ የንግድ ማስታወቂያን የሚቆጣጠረው የአሜሪካ መሥሪያ ቤት፣ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽንም፣ ሰው በቀላሉ በሚያየው ቦታ እንዲጻፍ ይፈልጋል። ዋጋ ደግሞ አልጽፍም። ዋጋው ስለሚለዋወጥ በእጅ መጻፉ ክልክል ነው። "በታላቅ ቅናሽ" ያልኩት ነገር በዚህም በኩል ጥፋት ነበር።

ከዚያ መልስ መስጠት ጀመርኩ። እዚህ ላይ ነው ነገሩ የጣመኝ። አንዱ "ስቆላው ላዩ ይነዳል፣ ውስጡ ጥሬ ይቀራል" ይላል። እሳቱ በዝቶበታል፣ ቡናውም ለምጣዱ በዝቷል፣ እጅህን አታሳርፍ እለዋለሁ። ሌላው "መቼ ላውጣው?" ይላል። እነሱ በቴርሞሜትር ይለካሉ፤ ወደ 200 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ይንጣጣል። እናቴ ቴርሞሜትር የላትም፣ ጆሮ አላት። መጀመሪያ ሲንጣጣ ትሰማለች፣ ጋብ ሲል ቀለሙን ታያለች፣ ዘይቱ ላዩ ላይ ሲያብለጨልጭ ለጀበና ደርሷል ትላለች። ይህንን ስጽፍ መልሱ ጎረፈ። አንዱ ከ100 ግራም ጥሬ ቡና ለምን 85 ግራም ብቻ እንደወጣለት ጠየቀኝ። ተሰርቆ አይደለም፤ ውሃው ነው በዋናነት የሚተነው፣ ገለባውም ይራገፋል።

አንድ ቀን አንዲት ሴት በማይጣበቅ መጥበሻ መቁላት ይቻል እንደሆነ ጠየቀች። አይቻልም አልኳት። ምግብ እንዳይጣበቅ የተቀባው ሽፋን ያለ ዘይትና ያለ ውሃ በኃይለኛ እሳት ሲግል ከ260 ዲግሪ በላይ መበላሸት ይጀምራል፤ ጭሱም ጥሩ አይደለም። ወፍራም ብረት ምጣድ ያዢ አልኳት። የምጽፈው ሁሉ "ዕቃ አትግዙ" እስኪመስል ድረስ ነበር። ወፍጮ ፈላጊውን ለጀበና ሙቀጫ ይበቃሃል፣ ርካሹ የእጅ ወፍጮ ደግሞ ክንድህን ይገድለዋል፣ ድቃቁንም እኩል አያወጣውም ብዬዋለሁ። እንደ አጎቴ፣ የሚያነክሰውን ቀድሜ መናገሬ ነው። ሰውየው ግን ቻናሌን ፈልጎ ሄዶ ያንኑ ወፍጮ ገዛው። ለምን ብዬ ብጠይቀው "ክንዴ ይጠንክርልኝ ብዬ" አለኝ።

ይህ ማለት ግን ቅዱስ ሆንኩ ማለት አይደለም። በመጋቢት አንድ ሰው ስለ ምጣድ ሲጠይቅ ቸኮልኩና ኢንቦክስ ገብቼ ሊንኩን ላክሁለት። ከሰሰኝ። አድሚኑ "ሰው ሳይጠራህ ጓዳው አትግባ" የሚል መንፈስ ያለው ማስጠንቀቂያ ላከብኝ። ይቅርታ ጠይቄ ቀረሁ። አሁንም ቢሆን ከግሩፑ ይልቅ በኢንቦክስ ነው ሰው ቶሎ የሚጠላህ ብዬ አምናለሁ።

የአማዞኑ አካውንቴ ሚያዝያ ላይ ተዘጋ። በ180 ቀን ውስጥ ሦስት ሽያጭ ካላመጣህ ይዘጋል፤ ደንቡ ነው፣ እኔም አላመጣሁም ነበር። እንደገና አመለከትኩ። የመጀመሪያው ሽያጭ የመጣው በግንቦት ነው። ምጣድ ነበር። የማድቤት ዕቃ ኮሚሽን 4.5 በመቶ ነው፤ የ20 ዶላር ምጣድ 90 ሳንቲም ያስገኛል። ለእናቴ ስነግራት "ለዘጠና ሳንቲም ነው እጄን የምትቀርጸው?" አለችኝ። ሰው ሊንኩን ነክቶ በ24 ሰዓት ውስጥ የገዛው ሌላ ዕቃም ይታሰብልሃል። አንዱ ወፍጮውን አይቶ የውሻ ምግብ ገዛ። የማላውቀው ውሻ አበላኝ እያልኩ ለአንድ ሳምንት ሱቅ ውስጥ ሳስቅ ከረምኩ።

ነሐሴ 2015 ላይ በክልሉ የሞባይል ኢንተርኔት ተቋረጠ። በቃ አለቀ ብዬ ነበር። ኋላ ላይ ዋይፋይ ያለው አንድ ሆቴል አገኘሁ፤ ማክሰኞና ዓርብ ሻይ ይዤ እቀመጥ ነበር። ጥያቄዎቹን በስልኬ ፎቶ አንስቼ እወስድ፣ ማታ መልሱን ደብተር ላይ እጽፍ፣ በሚቀጥለው ቀጠሮዬ እለጥፍ ነበር። ያልጠበቅኩት ነገር መልሶቼ ተሻሉ። በችኮላ የሚጻፍ ነገር አልነበረም፣ ሰው ሲናደድብኝ ወዲያው የምመልስበት መንገድም አልነበረም። በሳምንት ሁለት ጊዜ የሚመጣ ሰው ሻጭ አይመስልም። አንድ አባል "የደሴው ሰውዬ መቼ ነው የሚመለሰው?" ብሎ ሲጠይቅ አየሁ። ከዚህ በፊት በገባሁባቸው ቦታዎች መቼ እንደምወጣ ነበር የሚጠየቀው።

ገንዘቡን ለሚጠይቁኝ፦ ደመወዝ አይሆንም። በጥሩ ወር 30 ዶላር ገደማ ነው፤ በመጥፎው ወር ሁለት። ክፍያው ወሩ ካለቀ ከ60 ቀን ገደማ በኋላ ነው የሚመጣው፤ ዛሬ ሠርቶ ዛሬ የሚበላበት ሥራ አይደለም። እኔ በጊፍት ካርድ፣ ማለትም አማዞን ላይ ዕቃ በሚገዛበት የስጦታ ካርድ፣ ነው የምወስደው። ለሱቄ የሚሆን ትንሽ መሣሪያ አዝዤ አሜሪካ ያለች አክስቴ ቤት ይደርሳል፤ ሰው ሲመጣ ትልክልኛለች። አሁን የምበይድበት የሙቀት መሣሪያ የመጣው እንደዚያ ነው። ለእናቴም አንድ ቴርሞሜትር አስመጣሁላት። ስኳር ዕቃው ውስጥ አስቀምጣዋለች።

ባለፈው ወር አድሚኑ አንድ ስም ላከልኝና "ይህን ሰው ታውቀዋለህ?" አለኝ። ልጁ የእኔን የምጣድ መልስ ቃል በቃል ገልብጦ፣ ከሥሩ የራሱን ሊንክ ለጥፎ ነበር። ተባሯል። የተናደድኩት ለአምስት ደቂቃ ያህል ነው። ማታ ልጁ ራሱ ጻፈልኝ። ወልድያ ነው ያለው። "ወንድሜ፣ አንተ ስትለጥፍ ዝም ብለውህ እኔን ለምን አባረሩኝ?" ይላል።

አብሽር አልኩት። ለአድሚኑ ይቅርታ ጻፍ፣ ከፈቀደልህ ግባና አንድ ወር ዝም ብለህ አንብብ፣ ከዚያ ሰው የሚጠይቀውን አንተ የምታውቀው ነገር ካለ መልስ አልኩት። ምን እንደሚያውቅም ጠየቅኩት። አንብቦታል፤ ሁለቱ ምልክት በርቷል። እስካሁን አልመለሰልኝም።